ማይክ ስትይዝ ድምፅዋ ለሚለወጥባት እህታችን

እህቴ፣ «ማይክ ስይዝ ሌላ ሰው እሆናለሁ፤ በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ሪፖርት ላቀርብ ነውና የትኛው ማሠልጠኛ ልግባ?» ብለሻል። በዚሁ ነገር ገንዘቤን ተበልቻለሁና ስሚኝ።

1ኛ. ወረቀቱን አታንብቢው። «ቁጠባን ከማሳደግ አንጻር ሰፋፊ ሥራዎች እየተሠሩ ይገኛሉ» እያልሽ ማን በወጉ ያወራል? ለእናትሽ በስልክ ብትነግሪያት «ዘንድሮ የተበደረው በዛ፣ የመለሰው አነሰ» ነው የምትዪው። እሱኑ በይ።

2ኛ. የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አትዋጪው። አማርኛ ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ትንፋሽሽ እዚያ ካለቀ ነገሩ ሁሉ ጠፋ። የቁጠባ ማኅበራችን ሊቀመንበር «ትርፉ ዘንድሮ አይከፋፈልም» ያሉትን ከኋላ የተቀመጠው ሰው «ይከፋፈላል» ብሎ ሰምቶ አጨበጨበ። ለማስረዳት የፈጀውን ሰዓት አልነግርሽም።

3ኛ. ማሠልጠኛው... ስሙ ይቆየኝ። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ አነጋገሬ ያስታውቃል። አሠልጣኙ ገና በመጀመሪያው ቀን ሰው ፊት አቁሞ «ይሄን የአገር ቤት ዜማህን እዚያው ተወው» ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያ እጅ እንዲህ ዘርጋ፣ ሁለት እርምጃ ወዲህ፣ ሰላምታ ስትሰጥ «አልሰማኋችሁም! እንደገና!» በል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ሆነን ቁጭ! አብሮኝ የሠለጠነ ልጅ ይቺኑ ዕድራቸው ስብሰባ ላይ ሞከራት። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ጆሮህን ያምሃል እንዴ ልጄ?» አሉት።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ አሳምረው ይችሉ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሲያውኳቸውም ጸጥ እስኪል ቆመው ጠበቁ እንጂ አልጮኹባቸውም። ይሄን ለአሠልጣኙ ብነግረው «እሱ ድሮ ቀረ» አለኝ። እኔ ግን ሰው ሲንጫጫ ዝም ብዬ መቆምን የያዝኩት ከዚያ ነው፤ ይሠራል። ጉራ አይሁንብኝና ዛሬ በሰፈራችን ሽምግልናም ሆነ ሠርግ ሲኖር «ያ ጎጃሜ ይናገር» ነው የሚባለው።

የግድ እሠለጥናለሁ ካልሽ ሙሉውን ክፍያ አስቀድመሽ አትስጪ። ጥዬ ስወጣ የቀረውን መልሱልኝ ብላት፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እንደማይመለስ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ተጽፏል» አለችኝ። ገልብጬ አየሁት፤ ባዶ ነው።