ድንች፣ ማንጎና እንቁላል በአንድ መጥበሻ፦ ለጠየቁት እህት

እህቴ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ሊከፍቱት ላሰቡት ቁርስ ቤት ድንች፣ ማንጎና እንቁላል አንድ ላይ ለመጥበስ እየሞከሩ መሆኑን፣ ነገር ግን ሁልጊዜ ገንፎ እየሆነ እንዳስቸገረዎት ጽፈዋል። እኔ ደብረ ማርቆስ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ውስጥ ይህንኑ ምግብ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ የሽንኩርቱን አከታተፍ ለእርስዎ ትቼ በቀጥታ ወደ ችግሩ እገባለሁ።

አንደኛ፣ ማንጎዎ ከልክ በላይ በስሏል። ከሩቅ የሚሸተው ለስላሳ ማንጎ ለጭማቂ እንጂ ለመጥበሻ አይሆንም፤ ውኃው ድንቹን ከመጥበስ ይልቅ ይቀቅለዋል፣ ስኳሩ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ያርራል። ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ውስጡ ገና ወደ ቢጫ መዞር የጀመረ ማንጎ ይምረጡ። ማንጎ ከገበያ ሲጠፋ የቼንቻ ፖም ይተካዋል፤ ፓፓያና ብርቱካን ግን ባይሞክሩት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ድንቹን ከትፈው በጨው ውኃ አስቀድመው ይቀቅሉት፤ በስልክ የሚያነቧቸው የውጭ አገር መመሪያዎች የሚሰጡትን ደቂቃ ግን አይመኑ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ድንቹ እሳት ላይ የበለጠ መቆየት አለበት። ፍኖተ ሰላም ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይፈጥንልዎታል። ቢላዋ ሲገባለት አጠንፍፈው ትሪ ላይ ያስጡት፤ እንፋሎቱ ወጥቶ ላዩ ሳይደርቅ መጥበሻ እንዳይነካ።

ሦስተኛ፣ ድንች ፍሪጅ ውስጥ አያስቀምጡ። ይህን የምለው ደመወዜ ስለተቆረጠበት ነው። ሥራ አስኪያጃችን ድንች በረከሰ ጊዜ በጅምላ ገዝቶ፣ የቻለውን ያህል በመጠጥ ማቀዝቀዣው ውስጥ አጨቀው። ብርድ የድንቹን ስታርች ወደ ስኳር ስለሚለውጠው፣ እንዲህ የቆየ ድንች ወርቃማ መልክ ሳይዝ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ጣፋጭና መራራ ይሆናል። ይህን በአክብሮት ባስረዳው «አንቺ ወጥ ሠሪ ነሽ ወይስ ኬሚስት?» ሲል በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት አሾፈብኝ። አንድ እሑድ ጠዋት የሰርግ እንግዶች ቤቱን በሞሉበት ሰዓት ደግሞ ቶሎ እንዲደርስ ብሎ የበሰለውን ማንጎ ከድንቹ ጋር በአንድ ጊዜ እንድጨምር አዘዘ። ሳህኖቹ እየተመለሱ መጡ። የተመለሰውን ሁሉ ሒሳብ ከእኔ ላይ ቆረጠ፤ ማቀዝቀዣውን የከፈተ እንኳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ድንቹን በራሴ ገንዘብ ከሰከላ ገበሬዎች ገዝቼ፣ አየር በሚያገኝ ጨለማ ጥግ በጆንያ አስቀመጥኩት። ብርሃን የነካው ድንች ስለሚያረነጉድና ስለሚመር፣ የጆንያውን አፍ ሁልጊዜ እሸፍን ነበር። መጥበሻው በደንብ ሲግል በኑግ ዘይት ድንቹን በአንድ ረድፍ ዘርግቼ፣ ሥሩ ወርቅ እስኪመስል ድረስ ማማሰያ አላስነካውም ነበር፤ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ማንጎውን በሌላ ትንሽ መጥበሻ ጠርዙ እስኪቀላ ብቻ ለብ ለብ አድርጌ ከላይ እበትነዋለሁ። በመጨረሻም በድንቹ መካከል ጉድጓድ ከፍቼ እንቁላሎቹን እሰብርና፣ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጠብ አድርጌ፣ እሳቱን ቀንሼ እከድነዋለሁ። ነጩ ሲረጋ፣ አስኳሉ ገና ሳይጠነክር ይወጣል፤ ሚጥሚጣው ከወጣ በኋላ ይነሰነሳል። በርበሬ እዚህ ቦታ የለውም፤ ጥሬነቱ ይታወቃል።

ብዙም ሳይቆይ እንግዶች «ያ የማንጎ ድንች አለ?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁም «የእኔ ፈጠራ ነው» ብሎ ሲነግራቸው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ የቆረጠውን ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉንና ቅቤውን ትተው ድንቹንና ማንጎውን በኑግ ዘይት ብቻ ቢሠሩት ለጾመኛ ጥሩ ቁርስ ይሆናል። ሰው ሲበዛብዎት ደግሞ ለስምንት ሰው በአንድ ሰፊ መጥበሻ ከመሥራት ይልቅ ሁለት ትንንሽ መጥበሻዎችን እያፈራረቁ ይሥሩ፤ ተደራርቦ የገባ ድንች አይጠበስም። ሥራ አስኪያጅ የሚቀጥሩ ከሆነም የድንቹን ግዢ ለእሱ አይስጡት።