ዘይት ያለው ወይስ የሌለው ኮምፕሬሰር? ሁለቱንም ገዝቼ ያየሁትን ልንገርህ

ወንድሜ፣ «የእንጨት ዕቃ ቀለም መርጨት ልጀምር ነው። ዘይት ያለው ኮምፕሬሰር ቀለም ያበላሻል ስላሉኝ ዘይት አልባውን ልገዛ ነው፣ ልክ ነኝ?» ብለህ ጠይቀሃል። ኮምፕሬሰር ማለት አየር ጨምቆ ለመርጫው የሚሰጠው ማሽን ነው፤ ዘይቱ ፒስተኑን ለማለስለስ ነው። እኔንም ቃል በቃል እንዲህ ብለውኝ ነበር። ሰምቼ ገዛሁ። አራት ወር ሳይሞላው አለቀልኝ። ስለዚህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ይህቺን አንብባት።

1. ስለ ዘይቱ ከመጨነቅህ በፊት በቀን ስንት ሰዓት እንደምትረጭ አስብ። በትንሹ ዘይት አልባ ማሽን ውስጥ ያለው የፒስተን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑ ዙሪያ አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ቀለበት፣ ከቴፍሎን ዓይነት ነገር የተሠራ ነው። የሚፋተገው በደረቁ ነው። ጎማ ለመንፋት፣ ሚስማር ለመምታት፣ አቧራ ለማራገፍ ጥሩ ነው፤ ሠርቶ ያርፋላ! እኔ ግን የቁም ሳጥን በር ነበር የምረጨው፣ አንዱን ስጨርስ ሌላውን። መርጫዬ የሚፈልገው 10 ሲኤፍኤም፣ ማለትም በደቂቃ 280 ሊትር ያህል አየር ነው። ማሽኑ የሚሰጠው የዚያን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ታንኩ አይሞላም፣ ሞተሩም አይቆምም። አንድ ቀን ድምፁ ተለወጠ። ግፊቱ 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ላይ ደርሶ ከዚያ በላይ አልወጣ አለ። ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ክዳን፣ ስፈታው የሲሊንደሩ ግድግዳ ጥቁር ዱቄት ለብሷል። በጣቴ ጠረግኩት፤ እንደ እርሳስ ዱቄት ይለሰልሳል። ፋሻው ነው፣ ተፈጭቶ ያለቀ።

ዋስትና ነበረኝ። ወሰድኩት። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ሰውዬው መመሪያውን ገልጦ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር አሳየኝ፤ «ከአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሹን ማረፍ አለበት» ትላለች። «ማንበብ አትችልም እንዴ?» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሲሸጡልኝ «ቀኑን ሙሉ ይሠራልሃል» ያሉኝ እነዚያው ናቸው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንተ ከመክፈልህ በፊት ያቺን መስመር መመሪያው ላይ ፈልጋት። የአየሩንም መጠን ስትጠይቅ በ90 ፒኤስአይ ስንት እንደሚሰጥ ጠይቅ። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ማሽኑ የሚስበው እንጂ የሚሰጠው አይደለም።

2. «ዘይት ከሌለው ቀለሙ ንጹሕ ይወጣል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በዘይት አልባው ስረጭም ቀለሜ ላይ ነጠብጣብ ይወጣ ነበር። ምክንያቱ ውኃ ነው። አየር ሲጨመቅ ይግላል፣ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውኃ ይሆናል። ዘይት ኖረም አልኖረም ይህ አይቀርም። ማታ ማታ የታንኩን የታች ቫልቭ ከፍተህ አፍስስ። የውኃ ማጣሪያውን ደግሞ ማሽኑ አፍ ላይ አትግጠመው። እዚያ አየሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ውኃው በእንፋሎት መልክ አልፎት ይሄዳል። እኔ 8 ሜትር ያህል የብረት ቧንቧ ዘርግቼ መጨረሻው ላይ ነው የገጠምኩት። ነጠብጣቡ የቆመው ያኔ ነው።

3. ቀጥሎ በቺንጊያ የሚዞረውን፣ ዘይት ያለውን ገዛሁ። ትልቁን ስህተት የሠራሁት እዚህ ነው፣ ልብ በል። ዘይቱ ሲጎድል እጄ ላይ የነበረውን የመኪና ሞተር ዘይት ጨመርኩ። ያውም የዘይቱን ልክ በሚያሳየው መስታወት ላይ ካለችው ቀይ ነጥብ አሳልፌ። የመኪና ዘይት ቆሻሻን በውስጡ አንሳፍፎ ወደ ዘይት ማጣሪያው እንዲያደርስ የተሠራ ነው። ትንሽ ኮምፕሬሰር ግን የዘይት ማጣሪያ የለውም። ዘይቱ ከውኃ ጋር ተደባልቆ አረፋ ሠራ፣ ሲበዛም ወደ ላይ ወጥቶ ከአየሩ ጋር ተጓዘ። 12 በር ረጭቼ በማግስቱ ስመጣ ሁሉም ላይ የዓሣ ዓይን የመሰሉ ክብ ጉድጓዶች። ታንኩን ሳፈስ የወጣው ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል። ሁሉንም በሮች እስከ እንጨቱ ልጬ እንደገና ረጨሁ። አየሩን ወደ መርጫው የሚወስደውን ጎማ ጣልኩት፣ ዘይት የጠጣ ጎማ አይታጠብም።

አሁን የማደርገው ይኸው ነው። የኮምፕሬሰር ዘይት ብቻ፣ መመሪያው ያዘዘውን ውፍረት። ልኩ ቀይዋ ነጥብ መሀል። ከውኃ ማጣሪያው ቀጥሎ እንደ ጉም የረቀቀ ዘይት የሚይዝ ሁለተኛ ማጣሪያ አለ፤ ተራው የውኃ ማጣሪያ ያንን ዘይት አይዝም። ሥራ ከመጀመሬ በፊት መርጫው ሳይገጠም ነጭ ወረቀት ጎማው አፍ ላይ ይዤ ለአንድ ደቂቃ አስነፋለሁ። ቢጫ ጠብታ ካየሁ አልረጭም። ይኸው ማሽን ስድስት ዓመት አገለገለኝ፣ ፋሻው የመጀመሪያው ነው። ሠፈር ያሉ ቀለም ቀቢዎች መጥተው ያዩታል፣ እውነቴን ነው።

ዘይት አልባውን ግን አላጣጥለውም። ለጥርስ ሕክምና፣ ለምግብ ሥራ፣ ጠብታ ዘይት በጭራሽ መግባት በማይገባው ቦታ ምርጫው እሱ ነው። ያኔ ግን ለዚያው ሥራ ተብሎ የተሠራውን ነው መግዛት። በመኪና ጀርባ ይዘኸው የምትዞር ከሆነም ዘይት አልባው ይሻላል። የዘይቱ ማሽን በጎኑ ከተኛ ዘይቱ ወደ ሲሊንደር ይገባል። የትንሹ ዘይት አልባ ድምፅ ግን ጆሮ ይበጥሳል፣ የእኔ ከአጠገቡ አያነጋግርም ነበር።

ረጅም ቀጭን ኤክስቴንሽንም አትጠቀም፣ ሞተር ያቃጥላል። ሽቦ ከምታስረዝም የአየሩን ጎማ አስረዝም።

የመርጫህን ዓይነትና በቀን ስንት ሰዓት እንደምትረጭ ጻፍልኝ። የሚበቃህን መጠን አብረን እናሰላለን።