ፕሌቱን ከማንሳታችሁ በፊት ጥርሱን አገጣጥሙ

የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ለምትጀምሩ ልጆች፣ የተሰበረ መንጋጋ እንዴት እንደሚጠገን ነው የምጽፈው። ኦፕሬሽን ክፍል ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው የፕሌት፣ ማለትም ስብራቱን የሚያያይዘው ብረት፣ ሳጥኑ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። አይፈረድባችሁም። ስክሩዎቹ በመጠን በመጠን ተደርድረዋል፣ ድሪሉም እጅ ያሳክካል። በሽተኛው ግን ሲነቃ ስለ ፕሌቱ አይጠይቃችሁም። «ዶክተር፣ ጥርሴ አልገጥም አለኝ» ካላችሁ፣ ራጁ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ተበላሽቷል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ በአርች ባር (ጥርሶቹ ላይ በሚታሰር ቀጭን የብረት ዘንግ) እና በሽቦ አስራችሁ ንክሻውን፣ ማለትም የጥርሱን አገጣጠም፣ ወደ ቦታው መልሱ፣ ከዚያ ስብራቱን ግጠሙ፣ ፕሌት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። በሽተኛው ከመሰበሩ በፊት ጥርሱ እንዴት ይገጥም እንደነበር ጠይቁ፤ ድሮም የፊት ጥርሱ የማይነካካ ሰው አለ። ጥርሶቹ እርስ በርስ ተፋጭተው ያለቁበትን ቦታ እዩ፣ እሱ አይዋሽም። የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ አንድ ላይ ማሰር አሮጌ ዘዴ ነው፤ አሜሪካዊው ሐኪም ጊልመር እ.ኤ.አ. በ1887 ጽፎታል። ፕሌት በማይገኝበት ሆስፒታል ብትመደቡም እንዳትንቁት። ብዙ ስብራት በሽቦና በትዕግሥት ብቻ ይድናል።

ቀጥሎ ፕሌቱ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። እርጥብ ዱላ ጉልበታችሁ ላይ ስታጎብጡ ውጭው ይላቀቃል፣ ውስጡ ይጨመቃል። መንጋጋም ሲነክስ በጎን በኩል እንዲሁ ነው፦ የላይኛው ጠርዝ ሊላቀቅ ይፈልጋል፣ የታችኛው ይጨመቃል። ድሮ ከአንገት በኩል ተከፍቶ ወፍራም ፕሌት በታችኛው ጠርዝ ላይ ይታሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፈረንሳዮቹ ሐኪሞች ሚሽሌና ሻምፒ በአፍ ውስጥ ገብተው ቀጭን ፕሌት ማሰር ጀመሩ፣ በተለይ ሻምፒ ስትራስቡርግ ላይ የንክሻው ኃይል የሚያልፍበትን መስመር ለይቶ አሳየ። የሚላቀቀውን ቦታ ከያዛችሁት 1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ፕሌት፣ የውጭውን አጥንት ብቻ የሚይዙ ባለ 2 ሚሊሜትር ስክሩዎች ይበቁታል። ቦታው ከጥርስ ሥር በታች፣ በአጥንቱ ውስጥ ከሚያልፈው ነርቭ በላይ ነው። አገጩ ላይ ግን መንጋጋው ይጠማዘዛል፣ ስለዚህ እዚያ አንዱ በላይ አንዱ በታች ሁለት ፕሌት ያስፈልጋል።

የመንጋጋው ማዕዘን፣ ከጆሮ በታች የሚታጠፍበት ቦታ፣ ላይ ስትደርሱ «ሁለት ብናደርገው ይጠነክራል» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። ተጠንቀቁ። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ኤሊስ ዳላስ ላይ በሽተኞቹን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባሳተመው ሥራ አንዲት ትንሽ ፕሌት ከሁለት ፕሌት ያነሰ ችግር ነው ያመጣችው። ብረት በጨመራችሁ ቁጥር ሥጋውን ከአጥንቱ የበለጠ ትገልጣላችሁ፣ ወደ አጥንቱ የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ግን አጥንቱ ራሱ ጭነቱን መካፈል ሲችል ነው። ጥይት ያደቀቀው፣ አጥንት የጎደለው፣ ጥርስ የሌለው የቀጠነ የሽማግሌ መንጋጋ ጭነት አይካፈልም። እዚያ ትንሽ ፕሌት ማሰር ቁጠባ አይደለም፣ ይሰበራል። ባለ 2.4 ሚሊሜትር ስክሩውን ትልቅ ፕሌት አውጡ፣ በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ ሦስት ስክሩ ጤነኛ አጥንት ላይ ይግባ። ከአንገት በኩል ስትገቡ የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ አስቡ፤ ለዚህ ነው ቆዳውን ከመንጋጋው ጠርዝ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ዝቅ ብለን የምንቀደው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ተራውን ፕሌት አጥንቱ ላይ ልክ እስኪተኛ ድረስ አጉብጡት። ካልተኛ፣ ስክሩ ስታጠብቁ አጥንቱን ወደ ፕሌቱ ይስበዋል፣ ያን ጊዜ ያሰራችሁት ንክሻ ዓይናችሁ እያየ ይሄዳል። ሎኪንግ ፕሌት ስክሩው ከራሱ ከፕሌቱ ጋር ስለሚቆላለፍ ይህን ስህተት ትንሽ ይምራል። አገጭ ላይ ደግሞ ከፊት ተገጥሞ በምላስ በኩል ክፍት የሚቀር ስብራት አለ፣ ፊቱም ይሰፋል። ፕሌቱን ትንሽ አብዝታችሁ አጉብጡት፣ ረዳታችሁ ሁለቱን የመንጋጋ ማዕዘኖች ወደ ውስጥ ይጫን፣ ከዚያ እሰሩ። ስትበሱ ሰላይን (የጨው ውሃ) ሳይቋረጥ ይፍሰስ፤ ድሪሉ ያሞቃል፣ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ደቂቃ አጥንትን ለመጉዳት በቂ ነው። እና ስትጨርሱ ጥርሱን የያዘውን ሽቦ ፈታችሁ መንጋጋውን በእጃችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ካልገጠመ ፕሌቱን አውልቁ። ሰዓቱ ስለመሸ፣ ሰመመን ሰጪው ስላጉረመረመ ብላችሁ አትለፉት።

ሁለት ነገር ከቢላው በፊት። አገጩ ላይ ወድቆ የመጣን ሰው ጆሮው ሥር ያለውን የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሳታዩ አትልቀቁት፣ ብዙ ጊዜ እዚያም ተሰብሯል። የታችኛው ከንፈሩ ይደነዝዘው እንደሆነም ጠይቃችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ፣ አለዚያ ነገ «እናንተ ናችሁ ያደነዘዛችሁኝ» ይባላል። ወጌሻ ዘንድ ሰንብቶ መግል ይዞ የመጣውን ደግሞ አትቆጡት፤ ቁጣው የሚቀጥለውን ሰው ከማዘግየት በቀር ምንም አይጠቅምም።

ሲወጣ «ለስላሳ ምግብ ብላ» ብላችሁ ብቻ አትሸኙት። አጥሚት፣ ሾርባ፣ የላላ ገንፎ ብላችሁ ስሙን ጥሩለት። ቆሎና ጥሬ ሥጋ አይሆንም። ጫት ይቅም እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ፣ ሰዓታት ሙሉ በአንድ ጎን ማኘክ ነውና፤ ሲጋራውንም እንዲሁ። ጥርሱ በሽቦ እንደታሰረ የሚሄድ ከሆነ የሽቦ መቁረጫ ይያዝ፤ ቢያስመልሰው የትኛውን ሽቦ እንደሚቆርጥ ለእሱም፣ አብሮት ለሚያድረው ሰውም እጃቸውን ይዛችሁ አሳዩአቸው።