ምሳ ላይ የተጀመረ የባለቤትነት ክርክር

በዚህ ሳምንት ከመረጥናቸው ደብዳቤዎች አራቱ የተነሡት ከሥራ ባልደረቦች ጨዋታ ነው። ጨዋታው መልካም ነው፤ የሚያሳስበኝ ሰው በምሳ ሰዓት በሰማው ፍርድ መብቱን ሲተው ነው።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር አንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ በራሴ ኮምፒውተር የመጋዘን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠራሁ። ባልደረቦቼ «ደመወዝ የሚከፍልህ ድርጅቱ ስለሆነ ፕሮግራሙም የእሱ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ በነገሩን መሠረት የእርስዎ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ለአሠሪው የሚሆነው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሠራተኛው በቅጥር ሥራው ያመነጨው ነው። ደመወዝ የሚከፈልዎት ሒሳብ ለመሥራት እንጂ ፕሮግራም ለመጻፍ አይደለም። ሆኖም የቅጥር ውልዎን ዛሬውኑ አውጥተው ያንብቡ፤ የተለየ አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል። ድርጅቱ ልጠቀምበት ካለም ፈቃዱን በጽሑፍ ይስጡ።

ጥያቄ፦ በሐረር የብረታ ብረት ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በአሠሪዬ መበየጃና ብረት፣ የባቢሌ ገበሬዎች የሚጠቀሙበትን የኦቾሎኒ መፈልፈያ አሻሻልሁ። አሠሪዬ «የእኔ ነው» ይላል። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ቡና ላይ ስላወራኸው መብትህ ተበላሽቷል» አለኝ።

መልስ፦ ሁለቱም ተቻኩለዋል። የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለውን፣ ያለ አሠሪው ንብረት የተሠራውን ፈጠራ ለሠራተኛው ይሰጣል፤ ለመፍጠር ተቀጥሮ የሠራውን ለአሠሪው። የእርስዎ ድካምና የአሠሪዎ ዕቃ የተዋሐዱበት ፈጠራ ግን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በእኩል ድርሻ የጋራ ነው። አሠሪዎን በዚህ መንፈስ ያነጋግሩ፤ ጠብ ለሁለታችሁም አይጠቅምም።

ወሬውን በተመለከተ፣ ፓተንት (ፈጣሪው ብቻ በፈጠራው እንዲጠቀም የሚሰጥ መብት) አዲስነትን ይጠይቃል፤ በአፍ ለሕዝብ የተገለጠም አዲስነትን ያሳጣል። አመልካቹ ራሱ ከገለጠው ግን ሕጉ ከማመልከቻው በፊት 12 ወር ይታገሠዋል። ማሻሻያዎ ለፓተንት ባይደርስ እንኳ በአነስተኛ ፈጠራነት ለ5 ዓመት፣ ሲታደስም ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊጠበቅ ይችላል። ንድፉን ሥለው፣ ቀን ጽፈው ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይሂዱ። እስከዚያው ለገበያ አያሳዩት።

ጥያቄ፦ በጀጎል አስጎብኚ ነኝ። ለባልደረባዬ የነገርኋትን የአዲስ ጉብኝት ሐሳብ እንደ ራሷ አድርጋ ለኃላፊያችን አቀረበች። ልከሳት?

መልስ፦ በቅጂ መብት አይሆንልዎትም፤ ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም። የሚጠበቀው የጻፉት ጽሑፍ ወይም የሣሉት ካርታ ነው። ያንን ወስዳ ቢሆን ኖሮ፣ የገንዘብ ጥቅሙ የድርጅቱ ቢሆን እንኳ በስምዎ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት ይኖርዎት ነበር። ያደረገችው ግን በደል ነው፤ ለኃላፊዎ በግልጽ ይንገሩ። የሚቀጥለውን ሐሳብ ከመናገርዎ በፊት ጽፈው በኢሜይል ለኃላፊዎ ይላኩ።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ቡና ቆልተን አሽገን ወደ ውጭ ልንልክ ነው። ሽርካዬ «ሐረር የከተማ ስም ስለሆነ ማንም ይጽፈዋል» ይላል።

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይጻፍ። ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች ለቡና የንግድ ምልክትነት በውጭ አገሮች አስመዝግባለች፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተደረሰው ስምምነትም በእነዚሁ ስሞች ላይ ነው። ስሙ የገበሬው ላብ ነው። ማሸጊያው ከመታተሙ በፊት ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቁ፤ የራሳችሁንም ምልክት አብራችሁ አስመዝግቡ። ምዝገባው በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።