አበባው በጋውን ሙሉ እንዲዘልቅ

ጥያቄ፦ በትንሽ ማሳዬ ላይ ዚኒያ የሚባለውን የጌጥ አበባና የሱፍ አበባ ለቆረጣ ዘርቼ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ቆርጬ ማዳረስ እስኪያቅተኝ አበበ። ከዚያ ሱፉ አለቀ፤ የዚኒያውም አገዳ እያጠረ ሄደ። በጋው ሳይጋመስ ባዶ እጄን ቀረሁ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እንደ ነገሩኝ ከሆነ መሬትዎ ጥፋት የለበትም። የጎዳዎት ሁሉንም በአንድ ቀን መዝራትዎ ነው። ለቆረጣ የሚዘራው ባለ አንድ አገዳ ሱፍ ከ50 እስከ 60 ቀን ውስጥ ይደርሳል፤ አንዲት አበባ ሰጥቶ ያበቃል፤ ከደረሰም ቀን አይሰጥም። ስለዚህ ዘሩን ከፋፍለው በየ10 ቀኑ አንድ አንድ መደብ ይዝሩ። የመጨረሻውን ዙር የሚዘሩት ብርዱ ከመግባቱ 60 ቀን ቀደም ብለው ነው።

የዚኒያ ጠባይ ሌላ ነው፤ በቆረጡት ቁጥር ይጨምራል። ችግኙ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ይቀንጥሱት። ደህና የቆመ ተክል አናቱን መቁረጥ እንደሚያሳሳ አውቃለሁ፤ ግን የተቀነጠሰው ነው ከታች ጀምሮ ረጃጅም ቅርንጫፍ የሚያወጣው። አገዳው ያጠረብዎትም ከላይ ከላዩ እየቆረጡ ይመስለኛል። ወደ ታች ወርደው ከቅርንጫፍ መጋጠሚያ በላይ ይቁረጡ። ሁለት ሦስት እምቡጥ አብሮ ቢሄድም አይሳሱ። ያለፈበት አበባም ተክሉ ላይ አይቆይ፤ ዘር መያዝ ከጀመረ ማበቡን ይቀንሳል።

ዚኒያ ሳይደርስ ከተቆረጠ ውኃ ውስጥ አይፈካም። አገዳውን ከአበባው አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው ይያዙና ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከተልፈሰፈሰ ይተዉት፤ ቀጥ ካለ ይቁረጡት። ሱፍን ግን ቢጫው የአበባ ቅጠል ከመሃሉ ላይ ቀና ቀና ማለት ሲጀምር፣ ሙሉ በሙሉ ሳይፈካ ነው የሚቆርጡት። ሁለቱንም በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።

ውኃውን ጠዋት ሥሩ ላይ ያጠጡ። ቅጠሉ እየራሰ የሚያድር ዚኒያ ለቅጠል በሽታ ይጋለጣል፤ ተጠጋግቶ የተተከለው ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰበት በሚመስል ሻጋታ ይያዛል፤ በተክልና በተክል መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ዩሪያ አያብዙ፤ ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም።

አሁን ያለውን ዚኒያ ጤነኛ ከሆነ አይንቀሉት። ዝቅ አድርገው ቆርጠው፣ ሥሩን በሣር ጎዝጉዘው ውኃ ይስጡት፤ ብዙ ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል። በሱፉ መደብ ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር በዚሁ ሳምንት ይዝሩ።