ወፍራሙ ታንክ ለምን ከወለሉ ይበሰብሳል? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሙዚየም ደጃፍ የቆሙ የድሮ ታንኮች ዝናብ እንደሚጎዳቸው ይነገራል። የግንባሩ ውፍረት 10 ሳንቲ ሜትር የሆነን ብረት ዝናብ ምን ሊያደርገው ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ግንባሩን እምብዛም አይነካውም። ቀድሞ የሚያልቀው ከላሜራ የተሠራው ነው፤ የጭቃ መከላከያው፣ የመፍቻ ሳጥኑ፣ የጭስ ማውጫው። ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚደርሰው ግን ወለሉ ላይ ነው። ታንክ ጥልቅ ያልሆነ ወንዝ እንዲሻገር ከሥሩ ውሃ እንዳያስገባ ሆኖ ስለሚሠራ፣ በሞተሩ አየር ማስገቢያና መድፉ በሚዞርበት ቀለበት በኩል የገባ ዝናብ መውጫ ያጣል። ልጆች እንዳይገቡ ተብሎ በሮቹ ሲበየዱ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ቀን የሞቀው እርጥብ አየር ማታ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጤዛ ሆኖ በውስጥ ግድግዳው ይወርዳል። ጥብቅ አድርጎ ላስቲክ ማልበስም ያው ነው።

መጀመሪያ የወለሉን የማፍሰሻ ክዳኖች ፈትቶ ውሃውን ማፍሰስና ክፍት አድርጎ መተው ያስፈልጋል። በር መዝጋት የግድ ከሆነ በቁልፍ ይዘጋ፤ አየር የሚያሳልፍና ወፍ የማያስገባ ወንፊትም ይኑረው። የወፍ ኩስ ቀለም ይበላልና። ቤንዚኑና የራዲያተሩ ውሃ ተቀድቶ ይውጣ። ታንኩ የሚቆመው ሣር ላይ ሳይሆን ውሃ በሚያሳልፍ ጠጠር ወይም ኮንክሪት ላይ ነው። በወለሉ ሥር ወፍራም እንጨት ወይም የብረት መቆሚያ ገብቶ ክብደቱ ከሞላውና ከእግሮቹ ጎማ ላይ ካልተነሣ፣ ጎማው በአንድ በኩል ተጨፍልቆ ይሰነጠቃል።

ቀለም ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ለአንድ ክረምት ያምራል፤ ከሥሩ ግን መብላቱን ይቀጥላል። በአሸዋ ግፊት መላጥ ደግሞ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን የክፍለ ጦር ምልክቱን፣ ቁጥሩንና ወታደሮቹ የጻፉትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በተደበቀ ቦታ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላት መስኮት እየላጡ እያንዳንዱን ንብርብር ፎቶ ማንሣት ያሻል። ጓርኒሲዮኑና የፍሬን ሸራው ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈገፈጉም።

አዳራሽ ውስጥ የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ባሕር ውስጥ ወድቆ ለወጣ ብረት ግን ይህ አይበቃም፤ ጨው በውስጡ ስላለ በደረቅ አየርም ይዝጋል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር ቦቪንግተን ያለው የጀርመን ታይገር ታንክ አሁንም ይነዳል ይባላል። ሞተሩ የራሱ አይደለም የሚሉም አሉ። የቱ ነው እውነቱ? (አንባቢ፣ ከለንደን)

መልስ፦ ሁለቱም። 131 ቁጥር ያለው ይህ ታይገር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1943 ቱኒዚያ ውስጥ ተማረከ። ቸርችል ከተባሉት የእንግሊዝ ታንኮች የተተኮሰ ጥይት የመድፉን ማማ እንዳይዞር አጣብቆት ሠራተኞቹ ጥለውት ወጡ። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ተጫነ፤ በ1951 የቦቪንግተኑ የታንክ ሙዚየም ተረከበው። ሲማረክ የነበረው ሞተር ባለ 21 ሊትሩ ማይባኽ የተባለ የጀርመን ሞተር ሲሆን፣ ተቆርጦ ውስጡ እንዲታይ ተደረገ። በ1990ዎቹ እድሳት የገባለት ከእርሱ ቀጥሎ የወጣው ባለ 23 ሊትሩ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ አይደለም። ሩሲያ ኩቢንካ ያለው 188 ቶን የሚመዝነው የጀርመን ታንክ «ማውስ» የአንዱ ታንክ አካል ከሌላው የመድፍ ማማ ጋር ተጋጥሞ የቆመ ነው። አንድን ታንክ ማስነሣት ማለት ካምቢዮውን፣ ሰንሰለቱንና ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽጉትን ጎማዎች ማስረጀት ማለት ነው፤ ያለቀው ዕቃ በተቀየረ ቁጥር የመጀመሪያው ዕቃ ይቀንሳል። በእኛ አስተያየት አንድ ብቻ የቀረ ታንክ ሞተሩ ባይነሣ ይሻላል፤ ብዙ ወንድም ያለው ይነዳ።

ጥያቄ፦ እስራኤል አገር ላትሩን ሙዚየም የውሃ ማማ ላይ የተሰቀለው ታንክ እንዴት ማማውን አልናደውም? (አንባቢ፣ ከረሆቮት)

መልስ፦ ሸርማን የተባለው ይህ የአሜሪካ ታንክ 34 ቶን ይመዝናል፤ ማማው የሚችለው 25 ቶን ገደማ ነበር። ሞተሩንና ካምቢዮውን አውጥተው ነው የሰቀሉት።

ጥያቄ፦ ከምናለሽ ተራ የገዛሁት የድሮ ወታደራዊ ጌጅ ጨለማ ውስጥ አያበራም። እንዲያበራ የተቀባው ጨረራ አመንጪ ሬዲየም አልቋል ማለት ነው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አላለቀም። የሬዲየም ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 1600 ዓመት ነው፤ የደከመው ከእርሱ ጋር ተደባልቆ ብርሃን የሚሰጠው ዚንክ ሰልፋይድ ነው። ስለዚህ ባለማብራቱ ጉዳት የለውም ብለው አይደምድሙ። መስተዋቱ ደህና ከሆነ አይክፈቱት፤ ሰው በማይተኛበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ዝግ ቁምሳጥን ውስጥ ከሬዲየሙ የሚወጣው ራዶን የተባለ ጨረራማ ጋዝ ይጠራቀማል። መስተዋቱ ከተሰነጠቀ ግን አይንፉት፣ አይፋቁት። በሁለት ላስቲክ ከረጢት አሽገው፣ እጅዎን ታጥበው፣ ጨረራ ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳውቁ።