ፓስወርዴ ልክ ነው፣ ፎልደሩ ግን አልከፈት አለኝ

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችን ኔትወርክ ላይ ያለ የሪፖርት ፎልደር ልከፍት ስል ፈቃድ የለሽም ይለኛል። ጠዋት ኮምፒውተሩ ፓስወርዴን ተቀብሎ አስገብቶኛል እኮ! የአይቲው ልጅ «ግሩፑ ውስጥ ጨምሬሻለሁ» ካለኝ በኋላም ያው ነው። ፓስወርዴንም ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች! ልጁ እየቀለደብኝ ነው ወይስ ሰርቨሩ ተበላሽቷል?
ሆድ የባሳት የሂሳብ ሠራተኛ

መልስ፦ እህታችን፣ ልጁም አልቀለደ፣ ሰርቨሩም አልተበላሸ። ፓስወርድ በመቀየር ግን በከንቱ ደክመሻል። ፓስወርድ የሚመልሰው «ማነሽ?» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠዋት አልቋል። ፎልደሩ አውቆሻል፣ ግን «እዚህ ምን አገባሽ?» እያለሽ ነው። ድረ ገጽ ላይም የሁለቱ ጥያቄዎች የስህተት ቁጥር ይለያያል። 401 ካየሽ ገና ማንነትሽን አላረጋገጠም። 403 ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አውቆሽ ነው የከለከለሽ፣ ፓስወርድሽን ደጋግመሽ ብትጽፊለት አይሰማሽም።

ታዲያ ግሩፑ (ፎልደሩን እንዲከፍቱ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር) ውስጥ ከገባሽ በኋላስ? መሥሪያ ቤታችሁ እንደ ብዙዎቹ በዊንዶውስ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የሠራተኞችን አካውንትና ፈቃድ በአንድ ቦታ በሚያስተዳድር ሥርዓት) የሚሠራ ከሆነ፣ ሎግኢን ስታደርጊ ኬርበሮስ የሚባል ሥርዓት ቲኬት፣ ማለትም ማንነትሽን የሚያሳይ ዲጂታል ይለፍ፣ ይቆርጥልሻል (እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ነው፣ ምናልባት ከአይቲው ልጅ በዕድሜ ይበልጣል)። የየትኞቹ ግሩፖች አባል እንደሆንሽ ያኔውኑ ቲኬቱ ላይ ይጻፋል፤ ሰርቨሩም ከዚያ በኋላ የሚያየው እሱኑ ነው። ልጁ 4 ሰዓት ላይ ቢጨምርሽ፣ 2 ሰዓት ላይ የተቆረጠው ቲኬት ከየት አውቆት? አድሚኑ (ሙሉ ፈቃድ ያለው የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ካልቀየረው በቀር የቲኬቱ ዕድሜ 10 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ ብትጠብቂ ቀኑ ይመሻል። የጀመርሽውን ሥራ ሴቭ አድርጊና ሎግ አውት ብለሽ እንደገና ግቢ። ስክሪን ቆልፎ መክፈት ላይ አትተማመኚ።

ከዚህም በኋላ እምቢ ካለ ልጁን መልሰሽ ጥሪው። ሼር የተደረገ ፎልደር ሁለት ፈቃድ አለው፤ አንዱ በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው፣ ሌላው ዲስኩ ላይ ላለው ፋይል። ሁለቱ ካልተስማሙ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። አንዱ ላይ ብቻ ከፍቶልሽ ሌላውን ረስቶት ሊሆን ይችላል፣ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ብቻ በንዴት «በቃ አድሚን አድርገኝ» እንዳትዪው! ለአንድ ፎልደር ተብሎ የተሰጠ አድሚንነት ማንም አስታውሶ አያነሳውም።

ጥያቄ፦ እኛ ቢሮ ሁሉም ሰው በአንድ አድሚን አካውንት ነው የሚገባው። ሥራ ያቀላጥፋል፣ ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ፋይል የጠፋ ቀን ችግሩን ታየዋለህ። ሎጉን (ማን ምን እንደሠራ የሚመዘገብበትን) ስትከፍት «አድሚን አጠፋው» ይልሃል፣ አድሚኑ ደግሞ ሁላችሁም ናችሁ። አንድ ሰው ሥራ ሲለቅም ፓስወርዱን ይዞት ይሄዳል፤ የጋራው ፓስወርድ ካልተቀየረ በር ክፍት ነው ማለት ነው። ለየሰዉ የራሱ አካውንት ይከፈትለት፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ፈቃድ ብቻ ይሰጠው። አድሚን የሚሆነውም ሰው ለዕለት ሥራው ሌላ ተራ አካውንት ይያዝ። አድሚኑ አካውንት ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርድ ሌላ ኮድ የሚጠይቅ) አብሩበት፤ ኮዱም በኤስኤምኤስ ከሚመጣ በአፕ ቢሆን ይሻላል፣ ስልክ ቁጥርን አታልሎ ወደ ሌላ ሲም ማዞር የሚችል ሌባ አለና።